ያልጎረሰው ጠመንጃ

ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ የብረት መያዣው ሞርሳ ከታሰረበት ጠረጴዛ ሥር ወድቋል። ጠመንጃው ጎኑ ተጋድሟል። ረዥም ነው፤ ቢያቆሙት የአንዳንድ ሰው ቁመት ያስንቃል። ሰደፉ ግማሹ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ ግማሹ ገና የስንት ዘመን እድፍ እንደተሸከመ ነው። አፈሙዙና እሳት የሚያጭረው ባልጩቱ አካባቢ ጥላሸት ለብሷል።

"ይኸው ነው" አሉ ኮማንደሩ፣ ገና ሁለተኛ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሳያስገቡ። "አሮጌ ጠመንጃ፣ ውስጡ ተረስቶ የቆየ ባሩድ። ሰውየው ነካካው፣ ባረቀበት። ምን ያስቸግራል?"

ሌላውን አያስቸግር ይሆናል፤ ኢንስፔክተሯን ግን ሁሉም ነገር ያስቸግራታል። ጣቢያ ውስጥ "እምቢተኛዋ" የሚሏት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ከተቀበለችው ቆይታለች። አሁንም ጎንበስ አለችና ክፍሉን አሸተተች። የተልባ ዘይት ይሸታል፣ አቸቶ ይሸታል፣ ሞረድ የበላው ብረት ይሸታል። ግድግዳው ላይ ሞረዶቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው ተሰቅለዋል። ከታች የዛገ ብሎን እንኳ በየዓይነቱ ተለይቶ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ነገር የሚረሳ አይመስልም።

የቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆመዋል፣ እጃቸው በካቴና። ሠፈሩ "እመት ብረት" ይላቸዋል። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጣታቸው እንደ ሥር የተቋጠረ ሴት ናቸው፤ የጥንት ጠመንጃ፣ የጥንት ሰዓት፣ የጥንት ቁልፍ የሚጠግኑ። የተልባ ዘይት ሊገዙ ወጥተው ሲመለሱ ነው ሬሳው ላይ የደረሱት፤ ያመጡት ጠርሙስ ደፉ ላይ ተሰብሮ ዘይቱ እስከ መንገዱ ወርዷል። ሟቹ የጠመንጃው ባለቤት ነው፣ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ የቆየ ደንበኛቸው። እስክመለስ ቤት ጠብቅልኝ ብለው ጥለውት ነበር የወጡት።

"ያ ጠመንጃ አልጎረሰም" አሉ እመት ብረት። "ባዶ ነበር።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ባዶ ጠመንጃ ሰው ይገድላል?" አሉ ኮማንደሩ።

"እኔስ እሱን አይደል የምልዎት?"

ኮማንደሩ በነገሩ አልሳቁም። "በቸልተኝነት ሰው መግደል። ቤቱ ይታሸግ፣ የሥራ ፈቃዷ ይያዝ" ብለው ወጡ።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቀጥቃጭ፣ በያጅ፣ ቁልፍ ቀራጭ። ቀኑን ሙሉ ጆሮ የሚያደነቁር መዶሻ የማይቋረጥበት ቦታ ነው። እመት ብረት በሁለት ፖሊስ መሀል ሲያልፉ ግን መዶሻው ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ ዝም አለ። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ዕድሜ ልክ "እሳቸው ያዩት ብረት" ሲባል የኖረላቸው ሴት፣ የጎረሰ ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ጥለው ሰው አስጨረሱ ተብለው በካቴና ተነዱ። ኢንስፔክተሯ ከኋላ ተከተለች። ለምን እንደሆነ ገና አልገባትም፤ ብቻ ነገሩ አልጣማትም።

* * *

"ለምን ባዶ ነበር ይላሉ፣ እማማ?"

የምርመራ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው፤ አንደኛው ወንበር ይወላገዳል። እመት ብረት የሚወላገደውን መርጠው ተቀመጡና እግሩን እየመረመሩ "ይሄ አንድ ብሎን ነው የሚፈልገው" አሉ።

"እማማ!"

"ሰማሁሽ። ጠመንጃውን አምጪልኝ፣ በፊቱ እነግርሻለሁ።"

"ጠመንጃው ማስረጃ ክፍል ተቆልፎበታል።"

"እንግዲያስ አፌም ተቆልፏል።"

ኢንስፔክተሯ እሷን የሚያህል ግትር አጋጥሟት አያውቅም፤ ትንሽ ደስም አላት። "ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ይለምናል" አለች።

"አላለቅስም። ስሚኝ ልጄ፣ ማስረጃዬ በክብሪት እንጨት ተፈንቅሎ የሚወጣ ነገር ነው። ዛሬ ለአንቺ ብናገር፣ አንቺ ለአለቃሽ ትናገሪያለሽ፣ አለቃሽ ለሌላ። ነገ ጠመንጃው ፊት ስቀርብ ማስረጃው የለም። ያን ጊዜ አሮጊቷ ቀጣፊ ናት ትባላለች። የዚያ ክፍል ቁልፍ ስንት ሰው እጅ ውስጥ እንዳለ ታውቂያለሽ?"

አታውቅም። ማወቅ ነበረባት፤ አታውቅም።

"እሺ፣ ስለ ጠመንጃው ይንገሩኝ። ምን ዓይነት ነው?"

ይህን ሲሰሙ የእመት ብረት ፊት በራ። "ነጋዴው 'ጠመንጃው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እርስዎ ለይተው ይንገሩኝ፣ ከዚያ ይጠግኑልኝ' ብሎ ነው ያመጣው። ጉድ ነው ልጄ! በርሜሉ የአንድ አገር እጅ ነው፣ የባልጩቱ መምቻ የሌላ፣ እንጨቱ ደግሞ የሌላ። የሦስት አባት ልጅ በይው። አንዱ ጋ ተሰብሮ ሌላው ጋ ተጠግኗል፣ እዚያም ተሰብሮ እንደገና። ማንም አልጣለውም። ሰደፉ ላይ ግን አንድ ቦታ በሞረድ ተፈግፍጓል፤ እሱ የጠጋኝ እጅ አይደለም። አንድ ነገር ሊያጠፋ የፈለገ ሰው እጅ ነው።"

"ምን ሊያጠፋ?"

"እሱንም በጠመንጃው ፊት" አሉና አፋቸውን ገጠሙ። ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች!

* * *

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ የታሸገውን ቤት ጎረቤት፣ በያጁን፣ ያዘችው። ወፍራም፣ ወሬኛ፣ ቅንድቡ በእሳት ተለብልቦ ያለቀ ሰው ነው። ሠፈሩ ሲንሾካሾክ የሰማችው የእሱን ስም ነበር፤ የእመት ብረትን ቤት ጨምሮ ለማስፋት ሲመኝ፣ ሲለማመጥ፣ ሲጣላም ኖሯል። ይባስ ብሎ የቤታቸው ትርፍ ቁልፍ እሱ ጋ ነው።

"ቁልፉን ማን ሰጠህ?"

"ራሳቸው! የራሳቸውን እየረሱ ውጭ ሲቀሩ ጊዜ። ብረት ላይ እንጂ ቁልፍ ላይ እንደ እሳቸው ዝንጉ የለም።" ጓንቱን አወለቀ። "ኢንስፔክተር፣ ቤቱን ፈልጌዋለሁ፣ አልክድም። ግን ሰው ገድዬ? ኧረ በሕግ አምላክ!"

"ሰው ተገደለ ማን አለህ? ሁሉም አደጋ ነው እያለ።"

በያጁ መዶሻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ኢንስፔክተሯ አየችው፤ ሰውየው ቀጣፊ ሳይሆን ፈሪ ነው የሚመስለው። ቢሆንም አለቀቀችውም።

"ትናንት ምን ሰማህ?"

"መሀላችን ቆርቆሮ ብቻ እኮ ነው። ሁለት ሰው ሲነጋገር ሰማሁ፣ ቃሉን አልለየሁም፤ መዶሻው መቼ ያሰማል። ከዚያ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ሲያቀባብል ሰማሁ። ከዚያ ድው! እኔ የጎማ ፍንዳታ መስሎኝ..."

"ሁለት ሰው? ትናንት ለምን አልተናገርክም?"

"ኮማንደሩ አደጋ ነው ሲሉ እኔ ማን ነኝ? ደግሞ እኔንም እንዳትጠረጥሩኝ ፈራሁ፤ ይኸው አልቀረልኝም።"

ኢንስፔክተሯ ወደ ቆርቆሮው ሄደች። መአት ቀዳዳ አለበት። አብዛኛው ጠርዙ በእሳት ጠቁሯል። ከደረት ከፍታ ዝቅ ብሎ ያለው አንዱ ግን ንጹህ ነው፣ ጠርዙ ወደ በያጁ ቤት ተገልብጧል። ትንሿን ጣቷን ብትሰድ ጫፏ ብቻ ገባ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ አይደለም። እኔ በእሳት ነው የምበሳው፣ እንዲህ ዓይነት ቀጭን ቀዳዳ አልሠራም።" ወዲያው የራሱ ችግር ትዝ አለው። "መብሳት ካነሳሽ አይቀር ታንከሬን እይልኝ እስቲ! ይኸው ግድግዳው ሥር ነበር፤ ሠርቼ የጨረስኩት አዲስ የውሃ ታንከር። ዛሬ ጠዋት ጓሮ አውጥቼ ውሃ ስሞላው ያንጠባጥባል። የኔ ብየዳ ውሃ አሳልፎ አያውቅም! ቀንተው ነው..."

"ስለ ታንከርህ ሌላ ጊዜ" አለችና ወጣች። ልቧ ቀዳዳው ላይ ነበር። በዚህ ነገር በኋላ ራሷን ብዙ ረግማለች።

* * *

የሟች ታናሽ ወንድም የሙዚየሙ መጋዘን የጥበቃ ኃላፊ ነው። ሙዚየሙ በር ላይ፣ የዘብ ቤቱ ውስጥ፣ ዓይኑ አብጦ ጠበቃት። አልቅሷል፤ ያለቀሰውም የእውነት ነበር፣ ይህን ኢንስፔክተሯ በኋላም አልተጠራጠረችም።

"ወንድሜ ብቻ አልነበረም፣ አባቴም ነበር" አለ፤ ሽጉጡ የተንጠለጠለበትን ቀበቶ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። "ያሳደገኝ እሱ ነው። አሮጌ ነገር ካየ ሳይነካ አያልፍም፤ ይኸው ነካክቶ ተበላ።"

"ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?"

"የት እሆናለሁ? በሥራዬ ላይ ነዋ!"

የበሩ ጠባቂ እንደ ጸሎት ደገመው፤ "አለቃ ከሰዓት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ከምሳ በኋላ ገብተው ማታ ነው የወጡት።"

"መጋዘኑ የኋላ በር አለው?"

"አለው፣ ግን ማንም አይወጣበትም። ቁልፉ አለቃ ጋ ብቻ ነው።"

ጠባቂው ይህን ያለው አለቃውን ሊጠቅም ነበር፤ ምን እንደተናገረ እንኳ ልብ አላለውም። ኢንስፔክተሯ ልብ አለችው። ግን ምን ታድርገው? አሳዳጊ ወንድሙን የሚገድልበት ምን ምክንያት አለው? ምክንያት የሌለው ጥርጣሬ ኮማንደሩ ፊት ውሃ አያነሳም።

ስትወጣ ወንድሙ ተከትሏት መጣ። "አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያንን ጠመንጃ ቆራርጡልኝ። የወንድሜን ደም ያፈሰሰ ብረት እንዳለ ሆኖ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

* * *

"ነገ ጠዋት ይቆረጣል" አሉ ኮማንደሩ።

"ማስረጃ ነው እኮ ጌታዬ!"

"ፎቶ ተነስቷል። የሟች ቤተሰብ ጠይቋል፣ ሐኪሙም በደረቱ ገብቶ በጀርባው ወጥቷል ብሏል። ሌላ ምን ቀረ? ደግሞ ውስጡ ሌላ ባሩድ ቢኖርስ? አንቺንም እንዲበላሽ ነው?"

"የጠመንጃው አፍ አውራ ጣቴን ይውጣል። ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ ትንሿን ጣቴን እንኳ አያስገባም።"

"የበያጅ ቤት ቀዳዳ ትቆጥሪያለሽ እንዴ?"

"ሴትዮዋ ጠመንጃውን አሳዩኝ እያሉ ነው። ለምን አናሳያቸውም?"

"እስረኛ አያዘንም!" ጠረጴዛውን መቱ። "በያጁን አስጠርቻለሁ፣ ግቢ ውስጥ ነው የሚቆርጠው። ትዕዛዝ ነው።"

"እኔ አልስማማም።"

"መች ተስማምተሽ ታውቂያለሽ?"

ኢንስፔክተሯ ደሟ እየፈላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ጠመንጃው ከተቆረጠ አለቀ። እኚህ ሴትዮ ቀሪ ዘመናቸውን ሰው ያስጨረሱ ዝንጉ ሆነው ይኖራሉ፤ እውነተኛው ገዳይ ደግሞ ለቅሶ ቤት ይቀመጣል። ከመሳቢያዋ የደረቀ ዳቦ አውጥታ በንዴት ገመጠች። አጠገቧ ተረኛው ሳጅን ሥራውን ጨርሶ ሽጉጡን ሊያስረክብ ነበር። ጥይቱን አወጣና ባዶ መሆኑን ለማየት ሽጉጡን አቀባበለ።

ቀጭ ቀጭ።

ኢንስፔክተሯ ማላመጧን አቆመች።

"ምን ሆንሽ?" አለ ሳጅኑ።

"እስቲ ድገመው።"

"ምኑን?"

"አቀባብል!"

ሳጅኑ ደገመው። ዳቦውን ጣለችና ወደ እስር ክፍሉ ሮጠች።

"እማማ! ያ ጠመንጃ ይቀባበላል?"

እመት ብረት ከታሰሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ምኑ ይቀባበላል? የሚቀባበለው የዘመኑ መሣሪያ ነው፣ ጥይቱን ከሆዱ ወደ በርሜሉ የሚያቀብል። ይሄ ሆድ የለው፣ ካዝና የለው! በአፉ ነው የሚጎርሰው፣ በአፉ ነው የሚተፋው። ባሩዱን በአፈሙዝ ታፈሺለታለሽ፣ እርሳሱን ታስከትያለሽ፣ በዘንግ ትጠቀጥቂያለሽ። ከዚያ ባልጩቱን ወደ ኋላ ስትስቢ አንዴ ቀጭ ይላል፣ አለቀ።" ሳቃቸው ቆመ። ኢንስፔክተሯን ትክ ብለው አዩዋት። "ሲቀባበል የሰማ ሰው አለ?"

"አለ።"

"እንግዲህ እኔ የማውቀውን አንቺም አወቅሽ።"

"ነገ ጠዋት ሊቆርጡት ነው።"

እመት ብረት ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "አይቆርጡትም" አሉ፤ በካቴና ያለች ሴት እንዲህ ስትል የሰማ ይስቅ ነበር፣ ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቀችም።

"አይቆርጡትም" ብላ ደገመች።

* * *

ጠዋት ግቢው ውስጥ በያጁ የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ይዞ ቆሟል፣ እንደ ሰርግ ቤት ሙዚቀኛ ተኮፍሶ ሳይሆን እንደ ቀባሪ አዝኖ። ኮማንደሩ አሉ። ወንድምየው ጥቁር ለብሶ፣ ያው ቀበቶው ወገቡ ላይ እንዳለ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። ጠመንጃው እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ አሮጌ በር ላይ ተጋድሟል።

ኢንስፔክተሯ እመት ብረትን ይዛ ወጣች። ካቴና የለም።

"ማን አስወጣት?" ብለው ጮኹ ኮማንደሩ።

"እኔ።"

"በማን ትዕዛዝ?"

"በማንም። ከፈለጉ ከሥራ ያባርሩኝ፤ ግን ካዩ በኋላ ያባርሩኝ።" ወደ በያጁ ዞረች። "አንተ፣ ያንን ነገር እንዳታስነሳ።"

"ኧረ እኔ ከመጀመሪያውም እጄ አልሄደልኝም!" አለ በያጁና ግራይንደሩን መሬት አስቀመጠ።

እመት ብረት ማንንም አላስፈቀዱም። ጠመንጃውን ልክ እንደ ታመመ ልጅ ከአንገቱ ደገፍ አድርገው አነሱት፣ አፈሙዙን አሸተቱ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ባሩድ ሲቃጠል እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ አድሮም ውሎም አይለቅም። ይሄ የከሰል ምድጃዬ ጥላሸት ነው። አንድ ሰው በጣቱ ለቅልቆታል።" ከዚያ የባልጩቱን ጎን ወደ ኮማንደሩ አዞሩ። "ኮማንደር፣ ቀረብ ይበሉ እንጂ፣ አይነክስም። የባልጩቱ ብልጭታ ወደ ባሩዱ የሚገባው በዚህች በጎኑ ባለች ቀዳዳ ነው። ሌላ መንገድ የለውም። እስቲ የት አለች?"

ኮማንደሩ ጎንበስ አሉ። ጥላሸት ብቻ ነው።

እመት ብረት በሻሻቸው ጫፍ ጥላሸቱን ጠረጉት። ከሥሩ ቢጫ ነገር ብቅ አለ፤ ጠንካራ፣ ያልተነካ፣ መሀሉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ የታተመበት።

"ሰም ነው" አሉ። "የበርሜሉን ዝገት ለማስለቀቅ አቸቶ ስሞላበት በዚች ቀዳዳ ወጥቶ እንጨቱን እንዳይበላው በሰም ደፈንኳት። አሻራው የኔ ነው። ጠመንጃው ተኩሶ ቢሆን ይሄ ሰም ይቀልጣል፣ ተፈናጥሮ ይወጣል። ይሄ ጠመንጃ ትናንትና አልተኮሰም፣ ከትናንት ወዲያም አልተኮሰም። እኔ ከተወለድኩ ወዲህ መተኮሱንም እጠራጠራለሁ።"

ኮማንደሩ ሰሙን በጥፍራቸው ሊነኩ እጃቸውን ሰደዱ፤ እመት ብረት መታ አድርገው መለሱት። "አይንኩት! እሱን ነው ሁለት ሌሊት የጠበቅኩት።"

"ታዲያ... ታዲያ ምን ገደለው?" አሉ ኮማንደሩ።

"የሚቀባበል ነገር" አለች ኢንስፔክተሯ። "በያጁ ሰምቷል፤ ቀጭ ቀጭ፣ ከዚያ ድው። ቀዳዳውም የሽጉጥ ቀዳዳ ነው። ገዳዩ ሽጉጡን ተኩሶ ቀለሁን አነሳ፣ ጠመንጃውን ጥላሸት ቀብቶ ሬሳው ጎን አስተኛው። ባረቀበት እንድንል። አልን እኮ!"

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። "ቆይ፣ ማን ወንድሜን ሊገድል ይፈልጋል? ጠላት አልነበረውም።"

"እሱን ጠመንጃው ይንገረን። እማማ፣ ሰደፉ ላይ ምን ሊያጠፉ እንደፈለጉ በጠመንጃው ፊት እነግርሻለሁ ብለውኝ ነበር።"

እመት ብረት ከኪሳቸው ቀጭን ብረት አወጡ። እስር ቤት ሲገቡ ተፈትሸው ነበር፤ ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሚወላገደው ወንበር ግን ከዚያ ወዲህ ይባስ ብሎታል። በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር ያያያዙትን ሽብልቆች አንድ በአንድ ገፉ፣ በርሜሉን ከእንጨቱ አላቀቁ፣ ገለበጡት።

"የማያውቅ ሰው በርሜሉ ከእንጨቱ ይለያል ብሎ አያስብም" አሉ። "ሰደፉ ላይ የነበረውን ምልክት ፈግፍጎ ሲያበቃ ነገሩ ያለቀ መስሎታል። በርሜሉ ሥር ይሄን አላየውም። ማነው ማንበብ የሚችል?"

ኮማንደሩ መነጽራቸውን አደረጉ። በብረቱ ላይ በምስማር የተመታ ቁጥር ነበር፣ ከፊቱም የሙዚየሙ ማኅተም። የመጋዘን ቁጥር።

"ለነጋዴው ይሄን ሳሳየው ፊቱ ጠቆረ" አሉ እመት ብረት። "'እማማ፣ ለማንም አይንገሩ፣ የቤቴ ጉዳይ ነው፣ ራሴ እመልሰዋለሁ' አለኝ። ማን እንደሰጠው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሞተ ሰው አደራ ነው ብዬ ጠመንጃው እስኪመጣ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። የቤቱ ጉዳይ ማን እንደሆነ አሁን ሁላችሁም ታያላችሁ።"

አዩ። ወንድምየው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሽቷል። እጁ ቀበቶው ላይ ነው።

ኮማንደሩ በድንጋጤ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። ኢንስፔክተሯ ግን በእሱና በእመት ብረት መሀል ገባች።

"አቀባብለው" አለችው። "በል፣ አቀባብል! በያጁ ድምፁን ያውቀዋል።"

እጁ እዚያው ቀረ። ከዚያ ሰውየው ልክ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጥፎ መሬት ተቀመጠ፣ ሳጅኑ ከኋላ ሽጉጡን ከወገቡ መነጨቀ።

"መጋዘኑ ውስጥ መአት አለ፣ ማንም አይፈልገውም፣ ማንም አያየውም" አለ ወደ መሬት። "ከገጠር ገዛሁት ብዬ ሰጠሁት። አሮጌ ነገር ይወዳል፣ ደስ ይለዋል ብዬ። ያንን ቁጥር ሲያይ እሳቸው ቤት ጠራኝ፤ በመጋዘኑ የኋላ በር ወጥቼ ሄድኩ። 'ተነስ፣ አብረን እንመልሰው፣ በገዛ አፍህ ተናገር' አለኝ። ለመንኩት። ሥራዬ ነው፣ ልጆቼ ናቸው አልኩት። 'ሌባ አላሳደግኩም' አለኝ። በሽጉጥ ላስፈራራው ነበር። እሱ እኮ አልፈራም! ወደኔ መጣ።"

በያጁ ድንገት ግንባሩን በጥፊ መታ።

"ታንከሬ!"

"ታንከርህ" አለች ኢንስፔክተሯ፤ ፊቷ ቀላ። "ሂድና ቅደደው። ውስጡ የምፈልገው ነገር አለ።"

ሲነቀንቁት ኳ ኳ ይል ነበር። ሲቀደድ ከሆዱ የወጣው የሽጉጥ ጥይት ነበር፣ አናቱ ትንሽ የተጨፈለቀ።

* * *

"ነፃ ነሽ" አሉ ኮማንደሩ ከሰዓት በኋላ። "ፈቃድሽንም ውሰጂ። ቤትሽ ይከፈታል።"

እመት ብረት ከወንበሩ አልተነሱም። "አልወጣም።"

"ምን?"

"ስታስሩኝ በዚያ መንገድ ነው የነዳችሁኝ፣ ቀጥቃጩ ሁሉ እያየ። አሁን በኋላ በር ሹልክ ብዬ ልውጣ? አልወጣም። እርስዎ ራስዎ ወስደው ይመልሱኝ። እዚያ ቆመውም ጠመንጃው ባዶ ነበር ይበሉ።"

"ሴትዮ፣ ፖሊስ እንደዚህ አይሠራም!"

"እንግዲያስ እራቴን አስመጡልኝ፣ እዚሁ ነኝ። ወንበሩንም በዚያው እጠግንላችኋለሁ።"

ኮማንደሩ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ። "ንገሪያት እንጂ!"

"እኔ ምን ብዬ?" አለች ኢንስፔክተሯ። "ትክክል ናቸው።"

ሄዱ። ምን ያድርጉ? ኮማንደሩ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ከፊት፣ እመት ብረት በርሜሉን በጨርቅ ጠቅልለው አቅፈው ከጎን፣ ኢንስፔክተሯ ሰደፉን ተሸክማ ከኋላ። ጠመንጃው ወደ ሙዚየሙ ከመመለሱ በፊት ጥገናው ይጨረስ ብላ ያስፈቀደችው ከበላይ አለቆች ጋር ተሟግታ ነበር። እዚያ ስሙ "ምንጩ ያልታወቀ" ተብሎ እንደማይጻፍ እመት ብረት ከወዲሁ ምለዋል፤ ሦስቱም አባቶቹ ይጻፉለታል።

መንገዱ ጫፍ ሲደርሱ መዶሻው አንድ በአንድ ቆመ። ቀጥቃጮቹ ከየበራቸው ወጡ። በያጁ የተቀደደ ታንከሩ ላይ ቂብ ብሎ ተቀመጠ።

ኮማንደሩ ቆሙ። አንገታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ።

"ጠመንጃው..." አሉ፣ ወደ ጫማቸው እያዩ። "ጠመንጃው ባዶ ነበር። እሳቸው ጥፋት የለባቸውም። መርምረውት ነበር። እኛ ነን የተሳሳትነው።"

"አንቺ" ይሏቸው የነበሩትን ሴት "እሳቸው" አሉ። ኢንስፔክተሯ ሰማች፤ ሰደፉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

እመት ብረት ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ኮማንደሩ ዘንበል አሉ።

"ጮክ ይበሉ ኮማንደር" አሉ። "እኛ ቀጥቃጮች ጆሯችን ደህና አይሰማም።"